በወረቀት የተገኘ ድል

ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ከአርባ ዓመት በፊት አገሩ ድባቅ የተመታችበትን ጦርነት በመጽሐፉ አሸነፈው። በወረቀት ላይ ማሸነፍ ብዙ ጣጣ የለውም፤ ጠላት ወንዙን ሊሻገር ሲል እግሩ የቆሰለ አንድ ሃምሳ አለቃ ራሱን ከነድልድዩ ያፈነዳል፣ ከዚያ ወዲያ ድል በድል ነው።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለውይይት ሲጠራው አዲስ ክራቫት አስሮ ሄደ። «ያኔ አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እንሆን ነበር?» ብለው እንደሚጠይቁት አልተጠራጠረም። መልሱንም በቃሉ አጥንቶታል።

መጀመሪያ የተነሳው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። «የወታደሩ ካፖርት አዝራር አምስት ነው፤ አንተ ስድስት ብለሃል። እዚያ ላይ ዘጋሁት።»

«ስንተኛው ገጽ ላይ?»

«አራተኛው።»

ቀጥሎ አንዲት የመንገድ መሐንዲስ ያ ድልድይ እንኳን ታንክ ጋሪም እንደማይችል አስረዳች። ከኋላ የተቀመጠ ፋርማሲስት ደግሞ መጽሐፉን ገና እንዳላነበበው ተናግሮ፣ መጨረሻው ለምን እንዳልጣመው ሩብ ሰዓት አብራራ። የመምህሩ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

በመጨረሻ የሚስቱ ታላቅ ወንድም እጃቸውን አወጡ። ከአዳራሹ ሰው በጦርነቱ የዘመቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። መምህሩ እፎይ አለ፤ ምንም ቢሆን ዘመድ ናቸው።

«አሸነፍን፣ ጎሽ!» አሉ ወንድምየው። «ግን እኔን ምነው ገደልከኝ?»

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እኮ እርስዎ አይደሉም። ልብ ወለድ ነው።»

«አነካከሱ የኔ፣ ስድቡ የኔ፣ ሞቱ ሲሆን የሌላ ሰው? እኔ ያኔ ተሸንፌ፣ እግሬን እየጎተትኩ ነፍሴ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። መጥቼ አገባሁ፣ አራት ልጅ ወለድኩ። ባንተ ድል ልጆቼ የት ገቡ?»

«ለድል መስዋዕትነት ያስፈልጋል» አለ መምህሩ፣ የክፍል ድምፁን አውጥቶ።

«እሱስ ልክ ነህ። ታዲያ መጨረሻ ላይ ሜዳልያ የሚሸለመው መነጽራም የታሪክ መምህር ምን ሆኖ ነው? ጉንፋን እንኳ አልያዘውም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀና የሚያደርግበት ጠፋው።

ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «አገር ለማዳን የኔ ወንድም ብቻ ነው የታየህ?» ብላ ሚስቱ ፊቷን አዞረችበት። ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ሃምሳ አለቃውን ለማትረፍ ታገለ። ሰውዬው ካልሞተ ድልድዩ አይፈርስም፤ ድልድዩ ካልፈረሰ ጠላት ይሻገራል። ቢለው ቢለው አልሆነለትም። ሲደክመው ጠላቶቹን አሻገራቸው። ሁለተኛው እትም ላይ አገር እንደ ደንቡ ተሸነፈች።

ወንድምየው ምዕራፉን ሁለት ጊዜ አንብበው «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ብለው ግንባሩን ሳሙት። ሚስቱም ታረቀችው። መጽሐፍ ሻጩ ግን ወሬውን ሰምቶ የአዲሱን እትም ጥቅል ሳይፈታ መለሰለት።

«መሸነፋችንንማ በነጻ እናውቀዋለን» አለው። «ያኛው፣ የምናሸንፍበት የለህም?»