ሲሲሊን መስሎ መተኛት

ቲርዛ ዌንፍሊት እንደ ሬሳ መጋደም አልሆነላትም። ጀርባዋን ሲቆረቁራት እግሯን ታነሳለች፤ እግሯን ስትመልስ አንገቷ ይዞራል።

«ኧረ አይንቀሳቀሱ!» አለ ሐውልት ቀራጩ ሚስተር ላድላም፣ ጭቃ የያዘ ጣቱን እንደ ቀሰረ። «አሁን የጨረስኩትን አንገት አበላሹብኝ እኮ።»

«አፍንጫዬን በላኝ።»

«የሞተ ሰው አፍንጫውን አይበላውም፣ የኔ እመቤት።»

እህቷ ሲሲሊ በትኩሳት ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። እናታቸው ወይዘሮ ኦገስታ ለልጄ መታሰቢያ ካላቆምኩ እህል አይበላልኝም ብላ የካቴድራሉን አለቃ ደጅ ስትጠና ከርማ፣ የተሰበሩ ወንበሮችና መሰላሎች የሚታጎሩበትን የሰሜኑን ጥግ አስፈቀደች። ጥጉ ተጠረገ፤ ድንጋይ ጠራቢዎች ገቡ፤ ባለ ቀለም መስታወት ታዘዘ። በትንሿ ጸሎት ቤት መሐል ደግሞ ሲሲሊ በእብነ በረድ ተቀርጻ እንድትተኛ ተወሰነ። ችግሩ ፎቶግራፏ ነበር። ያላት አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሲያነሷት ዞር ብላ ኖሮ ፊቷ እንደ ጭስ ተበትኖ ወጥቷል።

«መልካችሁ ያው አንድ ነው፤ አንቺ ትተኝላታለሽ» አለቻት እናቷ ቲርዛን። ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነበር።

ስለዚህ ቲርዛ በየጠዋቱ እየተሠራ ባለው ጸሎት ቤት፣ በሸራ መጋረጃ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጋደማለች። የጠራቢዎቹ መዶሻ ሲያንኳኳ ከራሷ በላይ የሚመታ ይመስላታል። ቤት ስትገባም እረፍት የለም። ሾርባዋን እየጠጣች ሳለ እናቷ ትክ ብላ ታያትና፣ «አገጭሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሲሲሊ እንደዚህ አታነሳውም ነበር» ትላታለች። አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ታድራለች፤ ትነሳለች፣ ክፍሏን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ብሪስቶል ያለች ጓደኛዋ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፍታ አስተማሪ ሁኝልኝ ካለቻት ቆይታለች። ጉዳዩን ባነሳች ቁጥር የእናቷ መልስ «መጀመሪያ ጸሎት ቤቱ ይለቅ» ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ኦገስታ ከአለቃው ጋር እብነ በረዱ ከመቀረጹ በፊት የሚሠራውን የጭቃ ሞዴል ልታይ መጣች። ሁለት እጅ ደረት ላይ ተጣጥፏል፤ ፊቱ ረግቷል።

«መልአክ ናት!» አሉ አለቃው። እናትየው መሐረቧን አወጣች።

ቲርዛ ካባዋን እየደረበች ነበር። አፏን መያዝ አልቻለችም። «ይቺ ሲሲሊ አይደለችም።»

«ምን አልሽ?»

«ሲሲሊ መች እጇን አጣጥፋ ታውቃለች? ጥፍሯን ስትበላ አይደል የምትውለው? እንደ ጋሪ ነጂ ስታፏጭ ጎረቤት አልተቆጣትም? የማናውቃትን ሴት እያስቀረጽሽ ነው፣ እማዬ!»

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መስኮቱን መመልከት ያዙ። ቲርዛ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄን የማላውቃት ይመስልሻል?» አለች ቀስ ብላ። «አንቺንም ትኩሳቱ እንዳይዝሽ ብለን አክስትሽ ጋ ልከንሻል፤ የመጨረሻውን ሳምንት አላየሽም። እንዴት እንደተወራጨች፣ አንሶላውን እንዴት እንደቀደደችው... ይዤ ላስተኛት ብል አቅም አጣሁ። አንድ ጊዜ ጸጥ ብላ ተኝታ ልያት ነው የምለው። ሌላ አይደለም።»

ቲርዛ ካባዋን አውልቃ ራሷ አግዳሚው ላይ ተጋደመችና፣ «ይቀጥሉ፣ ሚስተር ላድላም» አለች። እናቷ ከአጠገቧ አልተነሳችም። የቲርዛን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ ግን አልሞትኩም» አለች ቲርዛ ዓይኗን እንደጨፈነች።

እናቷ ወደ ቀራጩ ዞረች። «ሚስተር ላድላም፣ ፊቱን መቼ ይጨርሳሉ?»

«እንደዛሬው ከተኙልኝ፣ እስከ ቅዳሜ።»

«እንግዲያውስ ሰኞ ብሪስቶል ሂጂ» አለች እናቷ፣ እንዳኮረፈ ሰው። «ወፍራሙን ካፖርትሽን ያዢ። እዚያ ዝናቡ አይጣል ነው አሉ።»

ጸሎት ቤቱ የተባረከው በጸደይ ነው። ቲርዛ ለበዓሉ በባቡር መጣች። ጳጳሱ ሲጸልዩ፣ ከመስታወቱ የወረደው ቀይ ብርሃን እብነ በረዱ ጉንጭ ላይ አረፈ። ከፊት የቆመች አሮጊት ሐውልቱን አየች፣ ዞር ስትል ቲርዛን አየችና «አምላኬ!» ብላ የጎረቤቷን ክንድ ጨበጠች። ቲርዛ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም። በሕዝቡ መሐል ተሽሎክልካ ወጣችና ነፋሱ ቀሚሷን እያራገበው በር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች።

እናቷ ከሁሉ ኋላ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ብቻዋን ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ፈታ ብሏል።

«ለምን ጥለሽኝ ወጣሽ?»

«እዚያ ውስጥ መቆም አልቻልኩም፣ እማዬ። ወደፊትም የምገባበት አይመስለኝም።»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመሩ። ቲርዛ እየፈጠነች ስታስቸግራት እናቷ ክንዷን ይዛ እርምጃዋን አዘገየችው።

«እስቲ ስለነዚያ ተማሪዎችሽ ንገሪኝ» አለቻት።