ሃያ ሦስት ሜትር ካራቫን

ጊሊያን «ስምንት ሰዓት» ካለች ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ከአምስት የሚባል ነገር በጊሊያን ቤት አይታወቅም። ይህን ከሎሬይን በላይ የሚያውቅ የለም፤ ታናሽ እህቷ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታረፍድ ስትቀጣ የኖረች።

እህትማማቾቹ ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩ የተበላሸው በእናታቸው ቀብር ዕለት ነው። ያን ቀን የሎሬይን ባል፣ ክላይቭ፣ አቋራጭ መንገድ አገኘ። አቋራጩ ሦስት የበግ እርሻ አስጎብኝቶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲያደርሳቸው ሰው እየወጣ፣ ቄሱም መኪናቸውን እያስነሱ ነበር። ጊሊያን ጥቁር ባርኔጣዋን እያስተካከለች አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ምንም አይደል፤ እሷም አልጠበቀችሽም።» ከዚያ ወዲህ በየገናው ካርድ ትልካለች፤ ካርዱ ላይ ከስሟ በቀር ምንም አይጻፍም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ደወለች። «እሑድ። ስምንት ሰዓት። የበግ ጥብስ ነው» አለችና ዘጋች። ሎሬይን ስልኩን እንደያዘች ኩሽናው መሀል ለረጅም ጊዜ ቆመች። ሲያዩት የምሳ ግብዣ ነበር። እሷ ግን እህቷን ታውቃታለች፤ ሁለተኛ እንደማይደወል አልጠፋትም።

«በመኪና ብቻ እንሂድ» አለችው ለክላይቭ። «በልተን፣ አመስግነን፣ ማታ እንመለሳለን።»

ክላይቭ ነውር እንደሰማ ሰው አያት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ካራቫኑን፣ ያን አልጋና ምድጃ ያለውን ተጎታች ቤት፣ ሳይጎትት ከከተማቸው ከሌስተር ወጥቶ አያውቅም። ጥርሱን ሊነቀል ቢሄድ እንኳ፣ የጥርስ ሐኪሙ ግቢ ቢበቃለት፣ ይዞት ይሄድ ነበር። «እዚያው አጠገባቸው ጥሩ የካራቫን ሜዳ አለ፤ ሦስት ቀን እናርፋለን» አለ። «ደግሞ አታስቢ። አዲሱን ጂፒኤስ ገዝቻለሁ። ይኼ እንደ ስልክሽ አይደለም፤ ተሳቢ እንደምንጎትት ያውቃል። ርዝመታችንን ነግሬዋለሁ። ጠባብ መንገድ ውስጥ አይከተንም።»

ርዝመታቸውን ነግሮታል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሎሬይን አልያዘችውም።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሡ። መንገዱ ቢንቀራፈፉ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ትርፍ አላቸው ማለት ነው። ሎሬይን ለእህቷ የሠራችው ትራይፍል፣ ኬኩ ከታች፣ ክሬሙ ከላይ፣ በመስታወት ሳህን ሆኖ ከኋላ ወንበር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። መኪናው ያለው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አንድ ነው። ክላይቭ አንዱን ሦስት የሚያደርግ ማከፋፈያ ሰካበት፤ በአንዱ ማቀዝቀዣውን፣ በአንዱ ጂፒኤሱን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ የሚያሞቅ ኩባያ።

«ኩባያው የግድ ነው?» አለች።

«ቀዳዳው ባዶ ከሚቀመጥ።»

አርባ ደቂቃ እንደተጓዙ ጠቅ የምትል ድምፅ ተሰማች። ጂፒኤሱ ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ ኩባያውም ከሞቱት ጋር ሞተ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ክላይቭ መንገድ ዳር ባለች ማረፊያ አቁሞ የፊውዝ ሣጥኑን አወጣ። ፊውዝ ሞልቶታል፤ የካራቫን ፊውዝ፣ የቤት ፊውዝ፣ የሸጠው የሣር ማጨጃ ፊውዝ። የመኪናው ብቻ የለም።

«ስልኬን እንጠቀም» አለች ሎሬይን።

«ስልክሽ ተሳቢ እንዳለን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እሱ ካላወቀ የገበሬ ጓዳ ውስጥ ነው የሚከተን። ደግሞ ተራራው ውስጥ ከገባን ኔትወርክ የለም። ቆይ፣ መላ አለኝ።»

ሎሬይን ከሁሉም በላይ የምትፈራው ይህችን ነበር። ክላይቭ መላ ሲኖረው መላው በእግሩ እየሄደ ነው የሚመጣው። ጂፒኤሱን ነቅሎ ወደ ኋላ ሄደና የካራቫኑን በር ከፈተ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማብሪያ ተጭኖ ጂፒኤሱን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰካው። በራ። እንደ ምድር ባቡር አለቃ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይኸው። ካራቫኑ የራሱ ባትሪ አለው።»

«ክላይቭ፣ እኛ ግን የምንቀመጠው መኪናው ውስጥ ነው።»

«ያውም በሕግ። በጉዞ ላይ ካራቫን ውስጥ ሰው መቀመጥ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ማን ይሰማዋል?»

«በየማረፊያው እንቆማለን፤ እኔ ገብቼ አያለሁ፤ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

እንዲህም ሆነ። ክላይቭ ጂፒኤሱ ፊት ጎንበስ ብሎ «በሁለተኛው አደባባይ ቀኝ፣ ከዚያ አራት ማይል ቀጥታ» እያለ ይጮኻል፤ ሎሬይን ንፋስ ላይ ቆማ የገበያ ዝርዝሯ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ በር ይቆለፋል፣ ቀበቶ ይታሰራል፣ ይነዳል። ወረቀቱ ያልቃል። ማረፊያ ይፈለጋል።

በሁለተኛው ማረፊያ ክላይቭ በሩን ሲከፍት ጂፒኤሱ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ይመስል ሀሁ ብሎ ጀመረ። ቋንቋ ይምረጡ አለ። በጥንቃቄ ለመንዳት ይስማማሉ ወይ አለ። ወዴት ነው አለ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሎሬይን።

«ምንም። መኪናው ሲነሣ የካራቫኑ ሶኬት መብራት ይቋረጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ይመጣል። ለደኅንነት ነው።»

«ማለት የምንሄድ ከሆነ አይሠራም?»

«ስንቆም ይሠራል።»

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«መመሪያው ላይ አለ። ገጽ አርባ አንድ» አለ ክላይቭ፣ ገጹን በማስታወሱ ደስ እያለው። ጂፒኤሱም የራሱ ባትሪ ስለደከመ ከገመዱ ከተነቀለ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ስለዚህ መንገድ የሚመራው ዕቃ መንገድ ላይ እንደሞተ ይሄዳል፤ ትንሣኤው ማረፊያ ላይ ነው።

ሎሬይን ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል።

ስድስት ከሩብ ላይ ተራሮቹ ታዩ። ቀጥሎ አደባባይ መጣ፤ ከአደባባዩ ማዶ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው «ኮርድሌይ 9» ይላል። ኮርድሌይ የጊሊያን መንደር ነው።

«ክላይቭ፣ ኮርድሌይ።»

«አየሁት።»

«ዘጠኝ ማይል ነው የሚለው።»

«እሷ ግን ቀጥ በሉ ብላለች» አለ። ጂፒኤሱ የሴት ድምፅ ስላላት ክላይቭ «እሷ» ነው የሚላት፤ ለሎሬይን ተጠቅሞበት በማያውቀው አክብሮት። «እዚያ ያላስገባችን የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

ቀጥ አሉ። አሥር ማይል ቀጥ አሉ። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ። ሁለት የጭነት መኪና የሚያሳልፍ ሰፊ መንገድ ብቻ እየመረጠች ተራራውን እንደ ታቦት አዞረቻቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ቢቆጠር የሠርግ አጀብ ያስንቃል፤ የሚነፋው ጥሩንባ ግን የሠርግ አይደለም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ አደባባይ ደረሱ። ማዶው ነጭ ሰሌዳ አለ። «ኮርድሌይ 9።»

ሎሬይን ወደ ሰሌዳው ጣቷን ብቻ ቀሰረች።

«ሌላ ኮርድሌይ ሊሆን ይችላል» አለ ክላይቭ።

ከአደባባዩ አጠገብ ያለችው ማረፊያ ገቡ። ክላይቭ «የሻይ ሰዓት አልፎናል» ብሎ ካራቫኑ ውስጥ ጋዝ ለኮሰ። ሎሬይን ተከትላው ገባችና ጂፒኤሱ ፊት ተቀመጠች። ቋንቋውን መረጠች፣ በጥንቃቄ ለመንዳት ተስማማች። ቀጥሎ እስከዛሬ ክላይቭ በአውራ ጣቱ እየዘለለ የሚያልፈው ገጽ መጣ፤ «የተሽከርካሪዎ መረጃ ትክክል ነው?» የሚል። ርዝመት፣ ሃያ ሦስት ሜትር።

ሁለቴ አነበበችው። ዞር ብላ ካራቫኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ከተቀመጠችበት ሆና የመጸዳጃ ቤቱን እጀታ መንካት ትችላለች።

«ክላይቭ። ካራቫናችን ርዝመቱ ስንት ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት ምን?»

«ሃያ ሦስት ነዋ። ሲሸጡልን ምን አሉን? ሃያ ሦስት።»

«ጫማ ነው ያሉን።»

«ታዲያ ሌላ በምን ይለካል?»

እውነቱን ነው፤ ክላይቭ የአገሩ ልጅ ነው። ቤንዚን በሊትር ቀድቶ ፍጆታውን በጋሎን ያሰላል፣ መንገዱን በማይል ይነዳል፣ ክብደቱን አገሩ «ድንጋይ» በሚለው መለኪያ ይመዝናል፣ ሲበርደው በሴልሺየስ ይንቀጠቀጥና ሲሞቀው በፋራናይት ያልበዋል። ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ በሰላም ሲኖር ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሦስት ጫማ ሰባት ሜትር መሆኑን ቢጠይቁት ያውቃል። የጠየቀው የለም። ዕቃው «ርዝመት?» ሲለው ሃያ ሦስት ብሎ መለሰ፤ ዕቃውም በቅን ልቡና አመነው፤ ሁለት አውቶቡስ በገመድ የታሰረ የሚያህል ጉድ ይዘው እንደሚሄዱ ቆጥሮ ከጠባብ መንገድ ሁሉ ሲያሸሻቸው ዋለ።

«ይኸውልህ» አለችና ገጹን አሳየችው።

ክላይቭ መነጽሩን አድርጎ አየ። ጊዜ ወሰደ። «ካልነገሩት በሜትር ነው የሚቆጥረው» አለ በመጨረሻ። «ማስጠንቀቅ ነበረባቸው።»

«አስተካክለው።»

አስተካከለው። ሰባት። ጂፒኤሱ አሰበች፣ አሰበች፤ ከዚያ አዲስ መንገድ አወጣች። ጉዞው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። በኮርድሌይ ሰሌዳ በኩል ያለው መንገድ ለሰባት ሜትርም ቢሆን ይጠባል፤ በመኪና ብቻ ለሚሄድ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ሰዓቱ ሰባት ከሃያ።

«ስምንት ተኩል እንደርሳለን» አለ ክላይቭ ሻዩን እየቀዳ። «ግማሽ ሰዓት ምንም አይደል። ደውዪና ንገሪያት፤ ጥብስ ይቆያል።»

ሎሬይን ባሏን ተመለከተችው። ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያየችው የጊሊያን ጥቁር ባርኔጣ ፊቷ ድቅን አለ። ከካራቫኑ ወረደች።

ክላይቭ የብረት ድምፅ ሰምቶ በመስኮት አንገቱን ሲያወጣ ሎሬይን ካራቫኑን ከመኪናው የሚያያይዘውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅላለች፤ የካራቫኑን ፍሬን ስባለች፤ የፊቱን ትንሽ ጎማ እያሽከረከረች መሬት እያስነካች ነው። ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ሠርታዋለች። ክላይቭ አጠገቧ ቆሞ በእጁ ምልክት እየሰጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈታሁ ነው።»

«ሎሪ፣ ማረፊያ ላይ ካራቫን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ሰው አብሮ መሆን አለበት።»

«አብረኸው ሁን።»

«ማ፣ እኔ?»

«ጋዝ አለህ። ውኃ አለህ። ብስኩቱ ከላይ ሣጥን ውስጥ ነው። ሞተር ስለሌለ እሷም አትጠፋብህም።»

ክላይቭ ከፈላው የሻይ ማንቆርቆሪያ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ሚስቱ ተመለከተ። «አንቺን ማን ይመራሻል?»

«ሰሌዳው።»

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አለ። ሌላ የሚለው ሲያጣ፣ «መያዣው ቅባት አለው፤ እጅሽን እንዳይነካሽ» ብሎ ጨመረ። ነክቷታል። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ለዚህ ቀን ብላ የገዛችው ሰማያዊ ቀሚስ ላይ።

መንገዱ እውነትም ጠባብ ነበር። ቅጠሉ የመኪናውን ግራና ቀኝ እየዳሰሰ ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ከትራክተር ጋር ተፋጥጣ ወደ ኋላ ነዳች፤ ገበሬው ኮፍያውን ነካ አደረገላት። አንድ ጊዜ ደግሞ በጎች መንገዱን ዘግተው አዩአት፤ ጥሩንባ ሳትነፋ ጠበቀቻቸው፤ ጥርሷን ግን ነክሳ ነው። ከኋላ የሚጎትታት ነገር ስለሌለ መኪናው ቀሎ ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ ራሷንም ቀለል አላት፤ ይህን ስታውቅ ደግሞ ትንሽ አፈረች።

የጊሊያን ቤት ፊት ስትቆም ስምንት ከሦስት ነበር። ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ጊሊያን ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፀጉሯ ነጥቷል፤ በአንድ እጇ ከዘራ ይዛለች። ስለ ከዘራው የነገራት አልነበረም።

«ስምንት ከሦስት» አለች ጊሊያን።

«አውቃለሁ።»

ጊሊያን ከትከሻዋ በላይ ወደ መኪናው ተመለከተች። «ክላይቭስ?»

ሎሬይን መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ይቅርታ ነበር። አፏን ስትከፍት ጠፋባት። «ፈታሁት» አለች። «አደባባዩ ጋ፣ ማረፊያ ላይ። ከነካራቫኑ።»

ጊሊያን ቀሚሱ ላይ ያለውን የቅባት ምልክት አየችው፤ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ዘግይተሻል» አለች።

«ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጊል።»

«ሦስት ደቂቃ ማለቴ አይደለም። ያን ቀን ነበር መፍታት የነበረብሽ።»

ሎሬይን ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ጊሊያን ከዘራዋን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ በሩን በሰፊው ከፈተችላት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተዘርግቷል፤ ጥብሱ መሀል ላይ ይጨሳል። ጊሊያን ሦስተኛውን ሳህን አንስታ ሥጋ፣ ድንችና ሁለት ካሮት አደረገችበት፤ በሌላ ሳህን ከደነችውና ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

«ስትሄጂ ትወስጅለታለሽ» አለች። «ተቀመጪ።»

«እሺ። ግን አልቸኩልም።»

«ማን ቸኩይ አለሽ» አለች ጊሊያን፣ ቢላዋውን እያነሣች።