አሥራ አንድ ይዘት

የእንግሊዝኛ አስተማሪው አዳነ መዝገበ ቃላቱን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይገልጣል። የኔታ ገብረ ሚካኤል ተማሪዎቹ በወጡበት ክፍል፣ ዝቅ ባለው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው ይጠብቁታል። በሁለቱ መካከል ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ተዘርግቷል። የኔታ ራሳቸው ድጓቸውን ታቅፈው ፎቶግራፉ ውስጥ አሉ፤ ከሥሩ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ።

ፎቶግራፉን ያነሣቸው አምና እሳቸው በሚያስተምሩበት ደብር፣ ቤተ ልሔም፣ ሦስት ቀን የሰነበተ ፈረንጅ ነው። ገጹን በአገረ ገዥው ቢሮ በኩል ላከላቸው። ስምንት ወር ከመደባቸው በላይ ለጥፈውት ኖሩ፤ የሚያነብላቸው ግን አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር ገጹ ጓደኛ ሆኗቸው ነበር። ሚስታቸው ወለተ ሚካኤል ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። ድሮ አርባ ተማሪ ከነበረው ጉባኤም የቀረው ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ይኸው እንደ አዳነ፣ ድጓውን ጥሎ ወደ አስኳላ ኮብልሏል።

ወልደ ጊዮርጊስም ቢሆን መሄዱ ነው። በእጁ የጻፈውን ድጓ የኔታ አይተው ከመሰከሩለት፣ ስማዳ ያለው ደብሩ መሪጌታ አድርጎ ይሾመዋል፤ አብሯቸው የሚሄደው መንገደኞችም ነገ ቅዳሜ ይነሣሉ። ምን ይደረግ፣ የኔታ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ይዘት ጎድሎ አገኙበት። ይዘት ከፊደል ራስ ላይ የምትቀመጥ፣ እዚህ ላይ ድምፅህን ያዝ የምትል ነጥብ ናት። ነጥቧን ማስገባቱ ብቻ ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ ነበር። በየኔታ ደንብ ግን ይዘት የዘነጋ ተማሪ ያንን ክፍል ከመነሻው እያዜመ እንደገና ይማረዋል፤ ሳምንት ይፈጃል። ተማሪው አንዲት ነጥብ አይደለችም ወይ፣ ይለፉኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። የኔታ ልባቸው ተከፈለ። አርብ ገበያ ደርሼ ስመለስ እነግርሃለሁ አሉት። ፈረንጁ የተማረ ሰው ነው፣ ሥራዬን ምን ብሎ እንዳየው ልስማና እቆርጣለሁ ብለው ነው የመጡት።

አዳነ ጣቱን አንድ ቃል ላይ አቆመ። ፊቱ ተለወጠ።

“እኚህ ሊቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰጡት... ረቂቅ ምልክቶችን ለማረም ነው ይላል።”

የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። አርባ ዓመት የሰው ድምፅ ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ የት ላይ እንደ ወደቀ አይጠፋቸውም።

“ረቂቅ ስትል ድምፅህ ሸሸ። ድሮም ያላጠናኸውን ስትለኝ እንዲህ ነበርክ። ቃሉ ምንድን ነው?”

አዳነ አንገቱን ደፋ። “ፒካዩን ይባላል፤ እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ኢምንት፣ የማይረባ፣ ከቁም ነገር የማይገባ ማለት ነው።”

ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። ያ ፈረንጅ ሦስት ቀን እየሣቀ ቆሏቸውን ቆርጥሟል፤ እጁን አስታጥበውታል። ስምንት ወር ሙሉ ስድብ ራስጌያቸው ሰቅለው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያሳዩ መኖራቸው አንገበገባቸው። አዳነ እሱ ምን ያውቃል እያለ ሊያጽናናቸው ሞከረ።

“ተወኝ እስቲ። ይልቅ ቃሉን አስተምረኝ። የተሰደብኩትን እንኳ በወጉ ልወቀው።”

የኔታ ቃሉን፣ ሁሉንም ፊደል እኩል አድርገው፣ አሉት።

“እንደሱ አይደለም የኔታ። የሚያዘው መጨረሻው ላይ ነው። ይኸው፣ አጠገቡ አንዲት ጭረት አለች፤ እዚህ ላይ ድምፅህን ያዝ ማለት ናት።”

አፍንጫቸው መጽሐፉን ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሱ። ትንኝ የምታህል ጭረት አዩ።

“ይህችን ተማሪህ ቢተዋትስ?”

“ቃሉን ያበላሸዋል።”

“ታልፈዋለህ?”

“አላልፈውም።”

የኔታ ገጹን አጣጥፈው ተነሡ። በሩ ላይ አዳነ ያኔ ሳይሰናበታቸው ስለ መሄዱ አንድ ነገር ለማለት ጀምሮ ነበር፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

ቃሉ እንዳይጠፋቸው መንገዱን ሙሉ አዜሙት፤ መጨረሻው ላይ በደንብ እየያዙ። አንዴ ብቻቸውን ሣቁ፣ ወዲያው ደግሞ እንባ መጣባቸው። ወልደ ጊዮርጊስን ካለፉት ተመርቆ ይሄዳል፤ ለዓመት በዓል ብቅ ይልላቸዋል። ካላለፉት ተቀይሞ ይሄዳል፤ እንደ አዳነ ዞሮም አያያቸው። ብቸኝነቱን ፈሩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ወልደ ጊዮርጊስ አቁማዳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጅ ቆሟል።

“አሥራ አንዱንም ትማረዋለህ” አሉት።

“መንገደኞቹ ነገ ይነሣሉ እኮ፣ የኔታ።”

“ይነሡ። አንተም ከፈለግህ አብረህ ሂድ፣ አልቀየምህም። ያለ ነጥቧ ግን አልመሰክርልህም።”

የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው የልጁን ድጓ ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ የመጽሔቱንም ገጽ ከጉያቸው አውጥተው ቀጭን ቀጭን አድርገው ይቀድዱት ጀመር። እያንዳንዷን ቁራጭ ይዘት በጎደለበት ገጽ ላይ ለምልክት ያስገባሉ። ወልደ ጊዮርጊስ አቁማዳውን ሳያወርድ ያያቸዋል። አሥሩን ሲጨርሱ በእጃቸው የቀረችው የራሳቸው ፊት ያለባት ነበረች። ጥቂት አዩዋት። ከዚያ እሷንም በቦታዋ አስገቧትና መጽሐፉን ወደ ተማሪው ዘረጉለት።