የመሃሉ ቆርቆሮ

የካዛንቺስ ሰው ከሰፈሩ ሲነሳ ቆርቆሮውን ነቅሎ ነው የሚሄደው። የቀበሌ ቤት ነው፣ ቆርቆሮውም የመንግሥት ነው የሚል አይጠፋም፤ ማን ሰምቶት። ዕድሜ ልኩን ኖሮበት፣ ዝናብ ባስገባ ቁጥር ወጥቶ ደፍኖት፣ ለዶዘር ጥሎት ሊሄድ ነው? እናም በዚያ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው ምስማር ሲነቀል ነበር። ዛሬ ጣሪያው የወለቀ ቤት ነገ ግድግዳው ይወርዳል፤ በማግስቱ ከቦታው ከአቧራ በቀር የምታገኘው የለም። ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ ያስተናገደ ግቢ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

አልጋነሽ ግን ቆርቆሮዋን አልነካችም። የእሷ ጣጣ ሌላ ነበር።

ባሏ ወልደአማኑኤል የሞተው በነሐሴ ነው፤ ያውም ሰማዩ ተቀዶ በከረመበት ሳምንት። የዕድሩ ድንኳን ያፈስ ነበር። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲቀመጥ ያየው የጎረቤቷ ባል ሙክታር፣ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ያደገ ሰው ነውና፣ አላስችል አለው። በሁለቱ ቤቶች መሃል የነበረውን አጥር ነቅሎ፣ ከእሱ ጣሪያ እስከ እሷ ጣሪያ አጣና አጋደመበትና ቆርቆሮ አለበሰው። ለቅሶው እዚያ ሥር ተለቀሰ። አርባው ካለፈ በኋላ መሰላል ይዞ ሊያፈርሰው ሲመጣ አልጋነሽ፣ "ተወው እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ" አለችው። በቃ፣ ተተወ።

ከዚያ ወዲህ የአልጋነሽና የሙክታር ሚስት የራቢያ ኑሮ እዚያው የመሃሉ ቆርቆሮ ሥር ሆነ። ድስታቸው ለየብቻ ነው፤ የአንዷ ቢላዋ የሌላዋ ሥጋ ላይ አያርፍም። ከዚያ የተረፈው ሁሉ፣ ሐሜቱም ጭምር፣ የጋራ ነበር። ሙክታርን ስትሮክ ጥሎት ግራ ጎኑ ሲከዳው፣ ምላሱም ሲተሳሰር፣ አልጋው ወጥቶ የተዘረጋው እዚያው መሃል ላይ ነው። በሁለቱም ሴቶች ዐይን ሥር ይዋል ተብሎ።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል ተባለ፤ ቤቶቹን ከላይ ፎቶ የሚያነሳ ድሮን መጣ። እንደ ዝንብ ጥዝዝ እያለ ሰፈሩ ላይ ሲዞር ዋለና ሄደ። ቀጥሎ ከፕሮጀክቱ ቢሮ ታብሌት የያዘ ወጣት መጣ፤ ሊካሳ ይባላል። ራቢያ ያን ዕለት ሙክታርን ይዛ ፊዚዮቴራፒ ሄዳ ነበር። አልጋነሽ ልጁን ምሳ አበላችው። እሱም ፎቶ አነሳት፣ አሻራዋን ወሰደ፣ "ጨርሰናል እማማ" ብሎ ወጣ። ለራቢያ ነገ ይመለስ ይሆናል ብላ ዝም አለች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፤ ምትክ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። ራቢያም የራሷን ስልክ ከእጇ ሳትለይ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ምንም አልመጣም።

ተያይዘው ቢሮው ሄዱ።

"ይኸው እማማ" አለ ሊካሳ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዙሮ። "ከላይ ሲታይ አንድ ቤት ነው።"

"ከላይ ማን ይኖራል?" አለች አልጋነሽ። "እኛ የምንኖረው ከታች ነው። የሁለት ቤት ውል አለን፣ ሁለት የቤት ቁጥር አለን።"

"ውሉማ አለ፣ ስካን ተደርጎ ገብቷል። ግን ሁለቱም፣ ማለቴ፣ አንድ ኮድ ላይ ነው ያረፉት። ሲስተሙ ለአንድ ጣሪያ አንድ ኮድ ነው የሚሰጠው። ለአንድ ኮድ ደግሞ አንድ ቁልፍ።"

"አንተ እኮ መጥተህ አይተኸናል። ቁጭ ብለህ በልተሃል።"

"አይቻለሁ።" ልጁ አፈረ። "እኔ ስላየሁት ግን ኤዲት ማድረግ አልችልም። አይፈቅድልኝም።"

ድሮም የቀበሌ ሰው ልብ ያደርቃል፣ አይካድም። ግን ቢያንስ ሰው ነበር። ትለማመጠዋለህ፣ ፊቱ ታለቅሳለህ፣ ሲብስብህ ዐይን ዐይኑን እያየህ ትራገመዋለህ። ይሄን ምን ትለዋለህ? ራቢያ ሻርፗን እያስተካከለች "ወላሂ አልገባኝም" ብቻ አለች፣ ቀስ ብላ።

ሊካሳ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሐሙስ ድሮኑ ድጋሚ ይበራል። የመሃሉ ክፍት ሆኖ ከታየ ሲስተሙ ራሱ ሁለት ያደርገዋል። ቆርቆሮውን አንሱት፣ እኔን ስሙኝ።" ክፋት አልነበረበትም። ያመነበትን ነው የነገራቸው።

ከሰዓት በኋላ ጎተራ የምትኖረው የአልጋነሽ ልጅ ፀሎት ደወለች። "እማዬ፣ በናትሽ ምንም አትነካኩ። የደረሰሽን ቤት ግቢበት። ከዚያ እነ ራቢያን ታስገቢያቸዋለሽ።"

"አንዲት ክፍል ናት እኮ፣ ያውም አራተኛ ፎቅ። ሙክታርን በምን ላወጣው ነው? ራቢያስ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ቤት ጥገኛ ትሁን?"

"ጠይቀሻታል?"

አልጠየቀቻትም። ምን ብላ ትጠይቃት? እግዜር ያሳያችሁ፣ "ቤቱ የእኔ ነው፣ ጥግ ልስጥሽ" ተብሎ ለራቢያ ይነገራል? አልጋነሽ ኩሩ ናት፤ የራሷ ኩራት አልበቃ ብሏት የሰውንም ታዝላለች። ስልኩን ዘጋችና ወደ ራቢያ ሄዳ "ወይ ሁለታችንም፣ ወይ ማናችንም" አለቻት። ራቢያ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ሽንኩርቷ ላይ አቀረቀረች። አልጋነሽ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ረቡዕ ጠዋት ከዕድሩ ወንዶች ገና ያልተበተኑት መሰላል ይዘው መጡ። ሙክታርን ወደ ጓዳ አስገቡት። ቁምሳጥኑ፣ ምድጃው፣ ጀሪካኑ፣ መሃል ላይ የከረመው ዕቃ ሁሉ ቤት አልበቃው ብሎ ደጅ ላይ ተደረደረ። የመጀመሪያው ምስማር ሲነቀል ሙክታር ሰማ። እንዴት አይሰማ፣ በገዛ እጁ የመታው ምስማር ነው። ደህናውን እጁን አንስቶ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚለው አይታወቅም። "ቆይ፣ ሲሻልህ መልሰህ ትሠራዋለህ" ትለዋለች ራቢያ፣ እንደማይሠራው እያወቀች። አልጋነሽ ይህን ሰማች፤ መሰላሉን ግን አልለቀቀችም። አመሻሹ ላይ ሁለት ቤት ሆነው ቆሙ። ምን ያህል ትንንሽ እንደነበሩ ያኔ ታየ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ድሮኑ መጣ። አልጋነሽ ባዶው መሃል ላይ ቆማ አንጋጠጠች። ሞኝ ናት አትበሏት፤ እዚህ ሰው አለ ለማለት እጇን አውለበለበችለት። ድሮኑ ዞሮ ዞሮ ወደ ወሎ ሰፈር አቅጣጫ ሄደ። ያን ቀን ሁለቱም ምሳ ጣፈጣቸው።

ቅዳሜ ራቢያ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። "መጣልኝ፣ የእኔም መጣ።" የአልጋነሽም ስልክ ጮኸ። አንድ ዓይነት መልእክት ነበር። ቤቱን በፈቃድዎ ስለለቀቁ እናመሰግናለን ይላል።

ሊካሳ ራሱ መጣ። ግባ ቢሉት እምቢ ብሎ በር ላይ ቆመ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"ሁለት አድርጎታል" አለ። "እንዳልኩት ሁለት ኮድ ሰጥቷል። ግን ጣሪያው ተነስቶ፣ ዕቃው ደጅ ወጥቶ ሲያየው ሰዎቹ ሄደዋል ነው ያለው። ሰፈሩ ሁሉ ሲሄድ እንደዚያ ስላደረገ የሚያውቀው እሱን ነው። ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ ምትክ የለውም።"

"የእኔስ? የደረሰኝስ?"

"የድሮው ኮድ ላይ ነበር። ኮዱ ተሰርዟል።"

"እኔ እኮ እዚህ ቆሜ ነበር" አለች አልጋነሽ። "አይቶኛል።"

"ሰው አይቆጥርም፣ እማማ። ጣሪያ ነው የሚቆጥረው።" አቤቱታ አስገብቶላቸው ነበር፤ ለአልጋነሽ ደርሶ የነበረው ቤት ግን ለሌላ ሰው ተላልፏል፣ አቤቱታው እስኪታይ ዶዘሩ አይጠብቅም። እኔ ነኝ ጥፋተኛው ብሎ አለቀሰ። ማንም አላባበለውም።

ሰኞ ዶዘሩ መንገዱ አፍ ላይ ሲያጓራ የራቢያ ወንድም ከቄራ አይሱዙ ይዞ ደረሰ። ራቢያንና ሙክታርን ከሱቁ ጀርባ ካለች ዕቃ ማስቀመጫ ሊያስጠጋቸው ነው። አልጋነሽን ደግሞ ጎተራ የፀሎት ሳሎን ይጠብቃታል፤ ሶፋ ላይ፣ ከልጇ ባል ቤተሰብ መሃል። የተነቀለውን ቆርቆሮ ማን እንደወሰደው እንኳ የጠየቀ የለም።

ራቢያ ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር። አልጋነሽ አጠገቧ ቆመች። ከቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

"አንቺን ጥዬ መግባት አልሆንልሽ ብሎኝ ነው እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።" ራቢያ ብርድ ልብሱን አጥፋ ጨረሰች። "እኔ ብሆን እወስደው ነበር።"

"ምኑን?"

"ቤቱን። ለእኔ ደርሶ ቢሆን እወስደው ነበር። አንቺንም ይዤሽ እገባ ነበር። ሦስታችንም በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን፣ እየተነጫነጭንም ቢሆን እንኖር ነበር። ሙክታርንም አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚሸከምልኝ ሰው አላጣም ነበር።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ታፍራለች ብለሽ ነው ያልጠየቅሽኝ። አላፍርም ነበር፣ አልጋነሽ። አስገቢኝ ልልሽ አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ ግን የሁለታችንንም ወስነሽ መጥተሽ ነበር።"

ከመኪናው ላይ "ቶሎ በሉ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ወንዶቹ ገብተው ሙክታርን ከነፍራሹ ብድግ አደረጉት። አልጋነሽ እንደ ልማዷ በእግሩ በኩል ያለውን ጫፍ ልትይዝ ጎንበስ አለች።

ራቢያ ቀድማት ያዘችው። "ተይው" አለቻት። "እኛ እንይዘዋለን።"