ከቧንቧ የቀዳሁለት ውሃ

«እየሞተ ነው! ቶሎ በይ፣ ምን ላድርግ?» አልኳት እህቴን በስልክ።

በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። «አባባ! ምን ሆነ? ወደቀ እንዴ?»

«አባባ አይደለም፣ ዓሣው ነው!»

እህቴ ወንበሩን መልሳ ስትስብ ተሰማኝ። «አንቺ ልጅ፣ ክው አደረግሽኝ እኮ!»

ትናንት ከሥራ ስመለስ የገዛሁት ቤታ የሚባል፣ ክንፉ እንደ ሐር የሚንዘረፈፍ ሰማያዊ ዓሣ፣ ገንዳው ግርጌ በጎኑ ተኝቷል። የራሴ የምለው እንስሳ ኖሮኝ አያውቅም። ስም እንኳ ሳላወጣለት ሊያመልጠኝ ነው።

ሻጩ «ውሃውን አሳድሪው» ብሎኝ ነበር። እህቴ ግን የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በየጠዋቱ ክሎሪኑን ለክታ የምትፈርመው እሷ ናት። «እኔ የፈረምኩበት ውሃ ምን ጎድሎት ነው የሚያድረው?» ብላ ትናንት በስልክ ስትቆጣ፣ ከቧንቧው በቀጥታ ሞላሁለት።

«መተንፈሻው እንዴት ነው?» አለች።

«ቀልቷል። ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።»

«በዝናቡ ምክንያት ክሎሪኑን ጨመር አድርገን ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ሰውን ምንም አያደርግም።»

«እሱስ ሰው ነው?»

«መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። በቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሎሪን የሌለው ውሃ ፈልጊ።»

«ከየት ላምጣ?»

እያቅማማች መለሰችልኝ። «የአባባ ጆግ። ውሃው ሲፈላ ክሎሪኑ ይተናል።»

አባባ ያልፈላ ውሃ አይጠጣም። እህቴ ማጣሪያው ከተቀጠረች ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት በረርኩ። ትናንት አፍልቶ ያቀዘቀዘው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አባባም ብርጭቆውን ይዞ አጠገቡ ቆሟል።

«ለማን ነው?» አለ እጄን ወደ ጆጉ ስሰድ።

«ለዓሣው! የእሷ ውሃ ሊገድለው ነው!»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ጆጉን ራሱ አነሣው። ሲሮጥ ካየሁት ስንት ጊዜዬ! «ንገሪያት!» ይላል እየሳቀ። «አባትሽ ነው የደረሰለት በያት!»

«እየሰማሁ ነው አባባ» አለች በስልኩ።

ጎድጓዳ ሳህን ሞላልኝ። ዓሣውን በጭልፋ አዛወርኩት። አልተነቃነቀም። አባባ መነጽሩን አጠለቀና ጎንበስ አለ።

«ጭራው! አየሽው?»

ዓሣው ዞረ፣ ቀና አለ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎረሰ። ሁለታችንም ጮህን። እህቴ «ምን ሆነ? ንገሩኛ!» ትላለች፤ ማን ይስማት።

አመሻሽ ላይ እህቴ የሥራ ጋወኗን ሳታወልቅ መጥታ ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አለች። አባባ ለገንዳው የሚሆን ሌላ ውሃ ጣደ።