ይመር ምን ብሎ ሞተ?

1.

«ሁለቱም ተቆፍረዋል።»

ይህን ያለው ከመቃብር የተመለሰ ጎረቤት ነው። አንዱ ጉድጓድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ሌላው ከሙስሊሞቹ መቃብር። ሟቹ ግን አንድ ነው።

ይመር።

2. አንባቢ ሆይ፣ ግራ አትጋባ

ወሎ ውስጥ ይመር የሚባል ክርስቲያንም ሙስሊምም ሞልቷል። ይህኛው ሙስሊም ሆኖ ተወለደና ብርነሽን ሊያገባ ተጠመቀ። ጾሙን ጾሞ፣ ልጁን ሽታዬን ክርስትና አስነስቶ፣ ከሚስቱ ጋር ቆርቦ ኖረ። ታላቅ ወንድሙ ሐጂ ሙሄ አላኮረፈም። ዒድም ሆነ ፋሲካ እዚህ ግቢ ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱን ሐጂ ሙሄ ቢስሚላሂ ብሎ፣ ሌላውን ይመር በስመ አብ ብሎ። ድስቱ ይለያይ እንጂ ሳቁ አንድ ነበር።

ነበር።

3. እምነት

ብርነሽ እምነትን ለልጇ ስትፈታላት፦ «ያላዩትን መቀበል ነው።» ስለ ባሏ ያመነችው ግን ያየችውን ነው። ሲሳለም አይታለች፣ ሲቆርብ አይታለች። ሌላ ምን ልታይ?

4. እውነት

ዛሬ ጠዋት ብርነሽ ጠበል ልታመጣ ወጣች። አልጋ ላይ የዋለው ይመር ሽታዬን ጠራት።

«ወዲያ አዙሪኝ» አላት። ወደ መካ።

አዞረችው። ጣቱን አነሳ። ሸሃዳውን፣ የእስልምናን የምስክርነት ቃል፣ አጥርቶ፣ ሳይንተባተብ፣ የቀራውን ቁርኣን እንደሚያሰማ ልጅ አለው። ከዚያ ሞተ።

ሽታዬ እንባዋን ሳትጠርግ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰችው። ለምን? ይህን የሚጽፈው ሰው ቢጠይቃት እሷም አታውቀውም።

5. ሃይማኖት

(ከግቢ የተሰማ)

ቄሱ፦ ሐጂ፣ የቆረበ ሰው ነው እኮ። ሚስቱን ትቶ የት ይቀበራል?

ሐጂ ሙሄ፦ አባ፣ በኖረበት አልከራከርዎትም። መጨረሻ ላይ ምን አለ? እሱን ነው የምጠይቀው።

ቄሱ፦ ማን ሰማ?

ሐጂ ሙሄ፦ ሽታዬ ነበረች። የሷን ቃል እቀበላለሁ። ወላሂ፣ በስመ አብ ካለ ያስቆፈርኩትን በእጄ ደፍኜ ከእናንተ ጋር እሸከመዋለሁ።

ቄሱ፦ እኔም እንደዚያው። ሸሃዳ ካለ መስቀሌን ይዤ እመለሳለሁ።

6.

ቢደባደቡ ለሽታዬ ይሻላት ነበር። በአንዳቸው ትቆጣ ነበር። እንዲህ ሲያምኗት ግን በማን ትቆጣ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሬሳ ግን አያድርም።

7. መመሪያ

በልጅቷ ቦታ ቁም። እውነቱን ከተናገርህ እናትህ ባሏን ሁለት ጊዜ ታጣለች፤ ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፣ ነገ አጠገቡ የምታርፍበት አፈር የለ። ከዋሸህ፣ አባትህ የመጨረሻ ቃሉን አደራ የሰጠው ለሌባ ነው።

ምረጥ።

አትቸኩል ልልህ ነበር፤ ግን ቃሬዛውን እያነሱ ነው።

8. ትምህርት

ብርነሽ ገብታ በሩን ዘጋች። የልጇን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ...»

«ዝም በይ። ጠበሉን ይዤ ደጁ ላይ ነበርኩ።»

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ሽታዬ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ብርነሽ ቀድማ ወደቀች። ልጇን አንዲት የሐሰት ቃል ስለተናገረች በርበሬ ያጠነች ሴት፣ የልጇን ጉልበት አቀፈች።

«እኔ ‹በስመ አብ ብሎ ሞተ› ልል አልቻልኩም። ሞከርኩት፤ አፌ እንቢ አለኝ። አንቺ ዋሺልኝ፣ ልጄ።»

9. እውነት

በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ሙሄ ጫማውን አውልቆ ገባ። ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል።

«በይ የወንድሜ ልጅ። ምን አለ?»

«አጎቴ፣ አባዬማ ያለው...»