መጨረሻውን አትንኩብኝ

«ልጅቷ ብቻ እንዳትሞት፣ እህቴ» አላት አሳታሚው፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ።

ወንድሟ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰውየው ሊያጽናናት የመጣ መስሏት ብድግ ብላ ተቀብላው ነበር፤ ለካስ የመጣው ለወንድሟ አምስተኛ መጽሐፍ ኖሯል! አራቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ተሻምቶ አንብቧቸዋል። ዓለም ካለቀች በኋላ የቀሩ አንዲት ልጅና ታናሽ ወንድሟ፣ በሟች ዘመድ ድምፅ እየተጣሩ ሰው ከሚበሉት «ጠሪዎች» ይሸሻሉ። አምስተኛው የመጨረሻው ነው።

«እሷ ከተረፈች ሌላ ደራሲ ይቀጥለዋል። የሱን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ካንቺ በቀር የሚያነብ የለም። ስትተይቢው አንዷን አንቀጽ ብትነካኪያት ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል! ደሟ ፈላ። አምና እሷም ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነበር።

ወንድሟ ይጽፋል፣ እሷ ትተይባለች። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የተተየበውን መልሶ የማየት ልማድ ደግሞ የለውም፤ እህቱን ያምናታላ! አራተኛው መጽሐፍ ላይ ጠሪዎቹ ትንሹን ልጅ ሲወስዱት ግን እጇ እምቢ አላት። አትርፋው አለፈች። መጽሐፉ ታትሞ ሲያየው ቤቷ ድረስ መጣ።

«የኔን ሰው አትርፊ ያለሽ ማነው?»

«ያንን ትንሽ ልጅ ትገድላለህ? አይጨንቅህም?»

ሰባት ወር ተኳረፉ። ደረቱን እንደሚያመው የሰማችው ከሰው ነው። ስልኩን ታነሳና «እሱ ይደውል» ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ደንቆሮ! እሱም ደንቆሮ፣ እሷም ደንቆሮ! ሞት እስኪታረቁ ይጠብቅ ይመስል።

«ወረቀቱ የታለ?» አላት አሳታሚው።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጉያዋ አወጣችው። በቀብሩ ዕለት ከወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ካነሳችው ጀምሮ ይዛው ትዞራለች፣ ለማንበብ ግን አልደፈረችም። ሰውየው እጁን ዘረጋ።

«ቁጭ በል!» አለችው፣ እስከዛሬ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው።

«ተይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል» አለች አክስቷ።

«ይስማ! ሁሉም ይስማና የሚነካው ካለ ያኔ ይንካው!»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። በእልህ ትንሹን ልጅ ገድሎት ይሆናል ብላ ነበር የፈራችው። አልገደለውም። ያተረፈችለትን ልጅ ተቀብሎ አሳድጎታል። የሞተችው እህቱ ናት፤ ልጁ ጉድጓድ ይቆፍርላታል። ጠሪዎቹ ከዛፎቹ ውስጥ በእሷ ድምፅ ይጠሩታል። አይዞርም። አፈሩን መመለሱን ይቀጥላል።

«እኔን ልትቀብር ነበራ ያሰብከው!» ብላ ወረቀቱ ላይ ጮኸች። «ታዲያ ምን አስቸኮለህ? አንተ ከሃዲ! ምን አስቸኮለህ?»

አሳታሚው አቀረቀረ። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶታል፤ ከእንግዲህ የሚነካካ ነገር የለም። በሩ አጠገብ አንዲት ተማሪ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

«ጨርሺው እንጂ ልጄ» አለች አክስቷ። «ከዚያስ?»

ገጹን ገለበጠችው። ከኋላው ምንም የለም። መለሰችውና እንደገና ገለበጠችው።